ሦስት እንጨት በፍጥነት፣ አንድ እንጨት በቀስታ

ስኳሬ ከፍ ብሎ ባለፈው ሰኔ ያየችኝ ሐኪም፣ ከልጄ ብዙ የማትበልጥ ሴት ናት፣ መድኃኒቱን ጽፋ ከጨረሰች በኋላ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ፣ «አባባ፣ የእግር ጉዞም ያስፈልግዎታል» አለችኝ። ዝም ብሎ መንሸራሸር አይደለም አለች። ጥቂት ፈጠን፣ ጥቂት ቀስ፣ እንደገና ፈጠን። «አዲስ ዘዴ ነው፤ ለስኳርም ለልብም ጥሩ ነው» ብላ ወረቀት ላይ ትንንሽ መስመሮች አሰመረችልኝ፤ ረጅም፣ አጭር፣ ረጅም፣ አጭር። እኔም አዲስ ነገር እንደሰማ ሰው ራሴን ነቀነቅኩ። በዚህ ዕድሜ ሐኪም ፊት ሊቅ ልሁን ማለት ትርፉ ትዝብት ነው።

ልጄ ማርታ ስልኬ ላይ አንድ ነገር ጫነችልኝ። አንዴ ሲጮህ ትፈጥናለህ፣ ሁለቴ ሲጮህ ትቀዘቅዛለህ አለችኝ። በማግስቱ ጠዋት ከኮንዶሚኒየማችን ጀርባ ባለው የኮብልስቶን መንገድ አብራኝ ወጣች። የመንገድ መብራት ምሰሶዎች ከፊታችን ተደርድረዋል። ስልኩ ገና ሳይጮህ ዓይኔ ምሰሶዎቹን መቁጠር ጀመረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ነገርን ነገር ያነሳዋል ይባላል፤ የእኔን ነገር ያነሳው የመብራት ምሰሶ ነው።

ያደግኩት አሥመራ ነው። አባቴ መምህር አሰፋ የወሎ ሰው፣ እናቴ ለተብርሃን የሐማሴን ልጅ፤ ደሴ ተገናኝተው ደሴ ወለዱኝ። ፌዴሬሽኑ ፈርሶ ኤርትራ ጠቅላይ ግዛት በተባለች ጊዜ አባቴ አማርኛ እንዲያስተምር አሥመራ ተመደበ፤ እናቴም አገሯ ገባች። እኔ ያኔ አሥር ዓመቴ ነበር። ቤት ውስጥ ከአባቴ ጋር አማርኛ፣ ከእናቴ ጋር ትግርኛ እናገራለሁ፤ ሁለቱ ሲጣሉ ደግሞ ዝም እላለሁ። ትምህርት ቤት «ወዲ ኣምሓራይ»፣ የአማራው ልጅ፣ ይሉኛል፤ ክረምት ደሴ ስንሄድ «የአሥመራዋ ልጅ» እባላለሁ። አላማርርም፤ ሁለቱም ልክ ናቸው።

አሥመራ የእግር ከተማ ነበረች። አመሻሽ ላይ ሰው ሁሉ ጫማውን ወልውሎ፣ ኮቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ዘንባባ የተተከለበትን ጎዳና ይመላለሳል። መድረስ የሚፈልግ የለም፤ መታየት እንጂ። በዚህች ከተማ ጠዋት ጠዋት አንድ ነጭ ቁምጣ የለበሰ ጣሊያናዊ ሽማግሌ ክርኑን አጥፎ፣ ዳሌውን እያሽከረከረ ሽው ብሎ ሲያልፍ ሰው ምን ይል እንደነበር መገመት አያቅትም። ሲኞር ቪቶ ይባላል። መደበር ከሚባለው ገበያ ጫፍ ላይ፣ ብረት ቀጥቃጮቹ ጆሮ ከሚያደነቁሩበት አጠገብ፣ ሚዛን የሚጠግንባት ትንሽ ሱቅ ነበረችው። በወጣትነቱ አገሩ ላይ የእርምጃ ውድድር ተወዳዳሪ ነበር አሉ። እሱ «ማርቻ» ይለዋል፤ እኛም ማርቻ አልነው።

የክፍል ጓደኛዬ ግርማይ ትምህርት ሲጨርስ እዚያው መደበር አጎቱ ዘንድ የዘይት በርሜል እየቆረጠ የከሰል ምድጃ ይሠራ ነበር። አንድ ጠዋት ሲኞር ቪቶ በደጃቸው ሲያልፍ ግርማይ መዶሻውን ጥሎ ዳሌውን እያወዛወዘ ከኋላው ተከተለው፤ ቀጥቃጮቹ ሁሉ ሥራ አቁመው ሳቁ። ሽማግሌው ዞር አለ። አልተቆጣም። ከላይ እስከ ታች አየውና ሦስት ቋንቋ በተቀላቀለበት አነጋገሩ፣ «ዳሌው ጥሩ ነው። ጉልበትህ ግን ይታጠፋል» አለው። ግርማይ በማግስቱ ጉልበቱን ሳያጥፍ ሞከረ። በሳምንቱ እኔን ጠራኝ። እኔ አንድ የንግድ ቤት ውስጥ በታይፒስትነት ተቀጥሬ ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ ስለምውል ለወገቤ ይበጀኛል ብዬ ሄድኩ። ለውድድር አልነበረም፤ የምንወዳደረውም ሰው አልነበረም። እንዲሁ ደስ ስለሚለን ነው።

አባቴ ግን ነገሩ ፈጽሞ አልገባውም። «ሰው ወይ ይሄዳል ወይ ይሮጣል፤ ይኼ መሀል ላይ ያለው ምንድን ነው?» ይለኝ ነበር። መምህር ስለሆነ ነገርን ሁሉ ሳይመድብ አይተኛም። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል አሉ እንጂ፣ ዳሌውን እያሽከረከረ ይሄዳል አላሉም።» እናቴ ትስቃለች። አንዳንዴ ሲከፋው ደግሞ «መሀል ሰፋሪ» ይለኛል። ይህች ቃል በዚያ ዘመን አሥመራ ውስጥ ቀላል ቃል አልነበረችም፤ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ስለ ሌላው ነገር ፊት ለፊት መነጋገር ስለማንችል በእግሬ አሳብበን እንነታረክ ነበር።

የማርቻ ሕጉ ሁለት ነው። ወደ ፊት የተዘረጋው እግር መሬት ሲነካ ጉልበቱ ቀጥ ይበል። ምንጊዜም ደግሞ አንድ እግር መሬት ላይ ይሁን። ሁለቱም እግር ላንዲት ቅጽበት አየር ላይ ከዋለ እሱ ሩጫ ነው፤ ሩጫ ስርቆት ነው። ሲኞር ቪቶ ይህን ለማጣራት አስፋልቱ ዳር በሆዱ ይተኛል። እውነቴን ነው፤ ሰባ ዓመት የተጠጋው ሰው ካፖርቱን አንጥፎ፣ ጉንጩን መሬት ላይ ለጥፎ፣ ከጫማችን ሥር ብርሃን ይታይ እንደሆነ ይጠብቃል። ብርሃን ካየ «ኮርሳ» ይላል። ሮጣችኋል ማለቱ ነው። ያን ጊዜ ክርክር የለም፤ ወደ መጀመሪያው እንጨት ተመልሶ ሀ ብሎ መጀመር ነው። የተሄደው ሁሉ እንዳልተሄደ ይቆጠራል።

እንጨት የምለው የስልክ እንጨት ነው። የምንለማመደው ከቤት ጊዮርጊስ ወዲያ፣ ወደ ምጽዋ በሚወርደው መንገድ ላይ ነበር። የስልክ እንጨቶቹ መንገዱን ተከትለው እስከ ቁልቁለቱ ይሄዳሉ፤ ሰከንድ የሚቆጥር ሰዓትም ሆነ መስመር የተሰመረበት ሜዳ ስላልነበረን የምንቆጥረው እነሱን ነው። ሦስት እንጨት «ፎርቴ»፣ ማለት ሳንባ እስኪቃጠል፤ አንድ እንጨት «ፒያኖ»፣ ማለት ቀብር እንደሚሸኝ ሰው። ከዚያ እንደገና ሦስት ፎርቴ። «ፒያኖውን የሚዘል ሰው ከገዛ ኪሱ ይሰርቃል» ይለን ነበር ሲኞር ቪቶ። መጀመሪያ ላይ ያቺ ቀስ የምንልባት እንጨት ታበሳጨን ነበር። ሰው ደሙ ከሞቀ በኋላ ቀስ በል ሲባል ይናደዳል። ከወራት በኋላ ግን ማሰቡ ቀረ። እግር ራሱ ይቆጥራል። ወሬ ይዘን እንኳ ብንሆን አራተኛዋ ላይ ስንደርስ እግራችን በራሱ ቀስ ይላል። ኋላ ሽማግሌው ጉልበቱ አብጦ መምጣት ሲተው እንኳ እኛው ለእኛው እንዳኝ ነበር። «ኮርሳ፣ ግርማይ» እለዋለሁ፤ ሳያጉረመርም ይመለሳል። እሱም እንደዚያው ያደርገኛል።

ስንጨርስ ቤት ጊዮርጊስ መንገድ ዳር አንዲት ሴት ዘንድ ሻሂ በባኒ፣ በዳቦ ማለቴ ነው፣ እንጠጣለን። ግርማይ ሁልጊዜ በጨርቅ የተቋጠረ ጥሕኒ ይዞ ይመጣል፤ እኛ በሶ የምንለው ነው። ሻሂዋ ውስጥ ነክረን ባኒውን፣ ከመዳፋችን ላይ እየላስን ጥሕኒውን። ክረምት ሲሆን ደግሞ በለስ። ሻጯ በቢላዋ ሦስት ቦታ ሰንጠቅ አድርጋ ትሰጠናለች፤ እሾሁ ጣታችን ላይ ገብቶ ቀኑን ሙሉ የጽሕፈት መኪናውን ፊደል በመታሁ ቁጥር ይወጋኛል። ይህን የምጽፈው በሆነ ባልሆነው ለማስረዘም አይደለም። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት እንዲህ ጣፍጦኝ የበላሁት ነገር ትዝ ስለማይለኝ ነው።

የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የታወጀ ሰሞን ቤት ጊዮርጊስ አጠገብ ኬላ ቆመ። የመጀመሪያ ቀን አንድ ሰዓት ሙሉ አቆሙን። የኬላው ኃላፊ አሥር አለቃ ሙላት፣ የጎጃም ሰው፣ «ይኼ ምን ዓይነት አካሄድ ነው? ወገባችሁን ተመታችሁ?» አለን። አስረዳነው። አሳዩኝ አለ። ከጠመንጃው ፊት ወዲያና ወዲህ እያልን አሳየነው፤ ሳቅ አሸንፎት ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ «ዳክዬዎቹ መጡ» እያለ ያሳልፈናል። አንድ ቀን ግን ሳይስቅ ጠራን። «ስሙ ልጆች። እንዲህ እንደ ዳክዬ ሂዱ፣ አውቃችኋለሁ። እንዳትሮጡ ግን። ጭጋግ ውስጥ እየሮጠ የሚመጣን ሰው ማን ነህ ብሎ የሚጠይቅ ወታደር የለም።»

ግርማይ «እወ»፣ አዎ፣ ብቻ አለ። ትንሽ ራቅ እንዳልን፣ «በገዛ አገሬ መሮጥ ተከለከልኩ ማለት ነው» አለኝ። «እኛ መቼ ሮጠን እናውቃለን?» አልኩት። አልሳቀም።

አባቴ የታመመው ከገና በፊት ነው። ልቡ ደክሟል፣ ሳንባው ውሃ ቋጥሯል አሉ። ሐኪም ቤት ሰንብቶ ቤቱ ይረፍ ተባለ። ስድስት ሳምንት። መጀመሪያ ላይ ሲያስለው አብሬው እነቃ ነበር፤ ኋላ ኋላ ሳሉን እየሰማሁ መተኛት ጀመርኩ። ደነዘዝኩ። ሌላ ቃል የለኝም። እናቴ ስታለቅስ አያታለሁ፤ ውሃ አምጣ ስትለኝ አመጣለሁ፤ ደግፈው ስትለኝ እደግፈዋለሁ። ጥርሱ በመርፌ የደነዘዘ ሰው ጉንጩን እንደሚነካካ ራሴን እነካካለሁ፤ እንዳለሁ አውቃለሁ፣ አይሰማኝም። የሚሰማኝ ጠዋት መንገዱ ላይ ብቻ ነበር፤ እሱም የሳንባ ቃጠሎ ነው። ለዚህ ይመስለኛል አንድም ጠዋት ያልቀረሁት።

ያን ዕለት ጫማዬን ሳስር ጠራኝ። ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል፤ ፊቱ ከሌላው ቀን ይሻል ነበር።

«ዛሬ ብትቀርስ?» አለኝ።

«ቶሎ እመለሳለሁ።»

«ጋዜጣውን እንድታነብልኝ ነበር።»

«ስመለስ አነባለሁ።»

በዚያ በደከመ ድምፁ እንኳ ነገር መፈለጉን አልተወም። «እሺ፣ ስትመለስ ለአንድ ቀን እንኳ ሩጥ። ልጄ ሲሮጥ ሳላይ ልሞት ነው» አለኝ። ቀልዱ ነው። ፈገግ ያልኩ ይመስለኛል። ወጣሁ።

ግርማይ አስቸኳይ ሥራ ስለነበረበት ብቻዬን ነበርኩ። ጭጋጉ ከባሕሩ በኩል ሽቅብ ወጥቶ መንገዱን ዋጥ አድርጎታል፤ ከአንዱ እንጨት ቀጣዩ አይታይም፣ ተጠግተው ሲሄዱ ብቻ ብቅ ይላል። ከኬላው ብዙ ርቄ፣ ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ስደርስ ወደ ምጽዋ የሚወርደው የጠዋት አውቶቡስ ከኋላዬ መጣ፤ አለፍ ብሎም ቆመ። ሹፌሩ ባሻይ ርእሶም የሰፈራችን ሰው ነው። አንገቱን በመስኮት አወጣ።

«ዳዊት፣ ኣቦኻ ሕማም ጸኒዕዎም። አባትህ ሲጠናባቸው ነው ስወጣ ያየሁት። እናትህ ልጄን ጥሩልኝ እያለች ነው። ቶሎ ቤት ግባ፣ ወደይ፣ ልጄ።»

ሰው የሞላ አውቶቡስ ነው፣ ቁልቁለት አፋፍ ላይ መዞሪያ የለውም። ወደ ከተማ የሚመለስ መኪና በዚያ ሰዓት የለም። ባሻይ ርእሶም «እግዚኣብሔር ይርዳእካ»፣ እግዜር ይርዳህ፣ ብሎኝ አውቶቡሱን ይዞ ቁልቁል ወረደ።

ቀጥሎ የሆነውን ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። ዞርኩ። ሮጥኩም። አሥር እርምጃ ያህል፣ ቢበዛ አሥራ ሁለት፣ ሮጥኩ። ከዚያ ማንም ምንም ሳይለኝ እግሬ ቆመ። ዞሬ እየተራመድኩ ወደ ተነሣሁበት እንጨት ተመለስኩ። በእጄ ነካሁት፤ በጭጋጉ ርሶ ቀዝቅዞ ነበር። ከዚያ እንደ ሕጉ ሀ ብዬ ጀመርኩ።

ይህን የሚያነብ ሰው አብዶ ነበር እንዴ ይላል። አላበድኩም። ወታደሮቹን ፈርቼ ነው እንዳልል፣ ኬላው ገና ሩቅ ነበር፣ አንድም ጊዜ አላሰብኩትም። ሁለት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ የሮጠ ይመለሳል የተባለ እግር ነው፤ ሮጠ፣ ተመለሰ። እግሩን የሚቆጣው ባለቤት፣ እኔ ራሴ፣ ደግሞ እቤት አልነበረም። ሦስት እንጨት በፍጥነት ሄድኩ። አራተኛዋ ላይ ቀስ አልኩ። አባቴ እየሞተ ፒያኖ ሄድኩ። ያን ሁሉ መንገድ አንዲትም ፒያኖ አልዘለልኩም። ምን እያሰብክ ነበር ብባል የማስታውሰው አንድ ነገር ነው፤ የጽሕፈት መኪናዬ ሪባን ደብዝዟል፣ ዛሬ ማስለወጥ አለብኝ እያልኩ ነበር።

ኬላው ጋ ስደርስ አሥር አለቃ ሙላት እሳት እየሞቀ ነበር። «ዛሬ ብቻህን ነህ? ያኛው ዳክዬ የት ቀረ?» አለኝ።

«አባቴ ሊሞት ነው» አልኩት። ሰዓት ተጠይቆ እንደሚመልስ ሰው ነው ያልኩት።

ፊቱ ተለዋወጠ። «ታዲያ ምን ትዳክራለህ? ሩጥ እንጂ። እኔ አለሁ፤ ከዚህ እስከ ከተማው ማንም አይነካህም።» ወዲያው ወደ ታችኛው ጥበቃ ዞሮ፣ «አንድ ልጅ እየሮጠ ይመጣል፤ አባቱ ታሞበት ነው፣ እንዳትነኩት» ብሎ ተጣራ።

«እሺ» አልኩት። አለፍኩት፣ እየተራመድኩ። ከኋላዬ «ሩጥ አንተ ልጅ» ሲል ይሰማኛል። ሁለት ጊዜ ተጣራ። ታችኛው ጥበቃ ላይ የነበሩት ወታደሮች ይሮጣል የተባለው ልጅ እየተራመደ ሲያልፋቸው እርስ በርሳቸው ተያዩ።

የቤታችን መንገድ ቀጥ ያለ ነው፤ ከአንዱ ጫፍ ሌላው ይታያል። እናቴ በሩ ላይ ቆማለች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች፣ ጥለቱ ደረቷ ላይ ነው። ሐዘን መሆኑን ከሩቁ አወቅኩ። የመጨረሻውን እንጨት በፍጥነት ሄድኩት፤ ተራው የፎርቴ ስለነበረ። ዳሌዬን እያሽከረከርኩ እናቴ ፊት ደረስኩ።

«አሁን ነው» አለችኝ። «አሁን፣ ወደይ። ሻሂ እስኪፈላ ያህል አልቆየም።»

ገባሁ። ዓይኑ ተከድኗል። ጋዜጣው ወንበሩ ላይ እንደታጠፈ ነው። አነሳሁት፤ የት እንደማስቀምጠው ጠፋኝና መልሼ እዚያው አኖርኩት። አለቀስኩ ብዬ ብጽፍ መዋሸት ይሆናል። ከፀጉሬ የጭጋጉ ውሃ እየተንጠባጠበ አንሶላው ላይ ሲያርፍ ነው ያየሁት፤ ማበሻ ፎጣ ፈለግኩ።

ድንኳን ተተከለ፤ ደሴ ያሉት ዘመዶቻችን መጡ። የቀረበልኝን ሁሉ እበላለሁ፣ ሳምንቱን ሙሉም ደህና አድርጌ ተኛሁ። የአባቴ እኅት ወደ እኔ እያየች፣ «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» አለች። ልክ ናት። በዚህ መሀል አንድ ሰው፣ ማን እንደሆነ እንኳ ረስቼዋለሁ፣ «ምነው ሳትደርስበት ቀረህ?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም፣ «ኬላው ላይ አላስሮጡኝም» አልኩ።

እንዲህ ነው ያልኩት። አስቤ አይደለም፤ እጄ ላይ የነበረ ምክንያት ነው፣ ሰጠሁት። በዚያው ዕለት ድንኳኑን ዞረ፣ በማግስቱ ሰፈሩን። ግርማይ አጠገቤ ተቀምጦ ትከሻዬን ጨበጠ። እጁ የብረትና የጥላሸት ሽታ ነበረው። «አማርኛ ያስተማሩኝ መምህር ናቸው» አለ፤ ያን ቀን በአማርኛ ነው የተናገረው፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እያስቀመጠ። «የገዛ መንግሥታቸው ወታደሮች ልጃቸውን እንዳይደርስላቸው ከለከሉት።» አይ፣ እንደሱ አይደለም ማለት ነበረብኝ። አላልኩም።

በሦስተኛው ቀን አሥር አለቃ ሙላት ለቅሶ መጣ። መሣሪያ አልያዘም፣ ቆቡን አውልቋል። ወሬው ይድረሰው አይድረሰው አላውቅም። የድንኳኑ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። አጠገቡ የነበሩት ተነሥተው ሌላ ቦታ ተቀመጡ። ምግብ የሚያድሉት ሴቶች አለፉት። በዚያ ሁሉ ሰው መሀል እውነቱን የምናውቀው እሱና እኔ ነበርን። ሲነሣ ወደ እኔ መጣ፣ ዓይን ዓይኔን አየኝ። «እግዜር ያጥናህ፣ ወንድሜ» አለኝና ሄደ። ያኔ አልተሰማኝም። አሁን ይሰማኛል፤ እህል ስጎርስ እንኳ ድንገት ትዝ ሲለኝ ያሳፍረኛል።

ግርማይ ሁለት ወር ሳይሞላ ወደ ሜዳ ወጣ፣ ከታጋዮቹ ጋር ተቀላቀለ። ሰው በአንድ ምክንያት በረሃ አይወርድም፤ እሱም ከእኔ አባት በፊት ብዙ ምክንያት ነበረው። ግን ያቺ የእኔ ነገር ከምክንያቶቹ መካከል ነበረች ወይስ አልነበረችም ብዬ እንዳልጠይቀው ተመልሶ አልመጣም። እኔም ማርቻ ተውኩ። ሲኞር ቪቶ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ወደ እግሬ አይቶ ያልፋል።

ዓመታት አለፉ። መንግሥት ተለወጠ፣ እናቴን ይዤ አዲስ አበባ መጣሁ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ። እናቴ ያን ጠዋት በር ላይ ቆማ እንዴት እንደመጣሁ አይታለች። ስለ ኬላው ያልኩትንም ሰምታለች። ስለ ሁለቱም አንድ ቀን እንኳ አንስታብኝ አታውቅም። ልትሞት ዓመት ሲቀራት፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ምስር ስትለቅም፣ ምንም ሳልጠይቃት ነገረችኝ።

«አባትህ መጨረሻ ላይ፣ ዳዊት የት ደረሰ አለኝ። እየመጣ ነው አልኩት። እየሮጠ ነው? አለኝ።» ምስሩን ሰፌዱ ላይ አንቀረቀበችው። «እወ፣ እየሮጠ ነው አልኩት። ከበሩ ይታየኛል፣ እየሮጠ ነው።»

«እሱስ ምን አለ?»

«‹ሮጠ በይኛ› አለ። ፈገግ ብሎ ነው። ከዚያ አልተናገረም።»

ከምስሩ መሀል አንዲት ጠጠር አውጥታ ወረወረችና መልቀሟን ቀጠለች። ያኔ ነው ያለቀስኩት፤ ከአሥራ ስድስት ዓመት በኋላ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ግቢ ውስጥ። አልከለከለችኝም። አላባበለችኝምም።

እንግዲህ ባለፈው ሰኔ፣ ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ፣ ስልኩ ጮኸ። ፈጠንኩ። ጉልበቴ አርጅቷል፣ ሆኖም መሬት ሲነካ ቀጥ ይላል፤ ክርኔም ሳላዘው ታጠፈ። ማርታ ከኋላዬ እየሳቀች ለመድረስ ቱስ ቱስ ትላለች። አንድ ምሰሶ፣ ሁለት፣ ሦስት። አራተኛው ላይ እግሬ ቀስ አለ። ስልኩ የጮኸው ከዚያ በኋላ ነው።

«አባዬ፣ ከስልኩ ቀድመህ አወቅህ እኮ» አለችኝ። «ስፖርተኛ ነበርክ እንዴ? ሮጠህ ታውቃለህ?»

«አንድ ጊዜ» አልኳት።

«ስንት ኪሎ ሜትር?»

«አሥር እርምጃ።»

የቀለድኩ መስሏት ሳቀች። አልቀለድኩም። በሲኞር ቪቶ ሕግ እነዚያ አሥር እርምጃዎች አይቆጠሩም፤ ተመልሼባቸዋለሁ፣ እንዳልተሄዱ ናቸው። አባቴ ግን የቆጠረው እነሱን ብቻ ነው። እኔ ባልደርስበትም እናቴ አድርሳለታለች። ለአሥር አለቃ ሙላትና ለግርማይ ግን እውነቱን ያደረሰልኝ ሰው የለም፤ ይኸው እኔው ጻፍኩት፤ ቢያነቡትም ባያነቡትም ኬላው አልከለከለኝም።

ስልኩ እንደገና ጮኸ። «ፈጠን በል» አለችኝ ማርታ። ፈጠን አልኩ።